የማይጠይቅ ልጅ

ባለፈው ሳምንት አዘዞ ላይ ለትንንሽ ልጆች የኦቲዝም ምርመራና የባህሪ ሥልጠና የሚሰጥ ማዕከል ተመረቀ። አጎቴ ሐጂ ኢድሪስም ንግግር አደረጉ። ማን እንደ ጋበዛቸው አላውቅም። በከተማችን ሪባን ካለ መቀስ የሚይዝ ሽማግሌ ይፈለጋል፤ አጎቴ ደግሞ መቀስ ካዩ እጃቸው አያርፍም። ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ማይክሮፎኑን እንደ በትር ጨብጠው፣ «እኛ ቤት ይህን ነገር ሰው ስሙን እንኳ ሳያውቀው ነው የተገነዘብነው» አሉ። «ልጃችንን አልደበቅንም። እኔው ራሴ ነኝ ያሳከምሁት።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ከጎኔ የተቀመጠው ሙኒር፣ የታላቅ እኅቴ የሰዓዳ ልጅ፣ በሁለት እጁ ጆሮውን ደፈነ። እኔም ብደፍን ደስ ባለኝ፤ ግን አርባዎቹን ያጋመሰች ሴት በአጎቷ ፊት ጆሮዋን አትደፍንም። አጎቴን ዕድሜዬን ሙሉ አንቱ እያልሁ ነው የናቅኋቸው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። እሳቸው ሲናገሩ እኔ ያቺን የተምር ቀን አስታወስሁ።

አባታችን ከሞተ በኋላ የምንኖረው ፒያሳ፣ አጎቴ ቤት ነበር። ከታች ጨርቅ ይነግዳሉ፤ ከላይ እኛ እንኖራለን። የሰዓዳ ባል በመተማ መንገድ የጭነት ማኪና ስለሚነዳ ቤት ውስጥ የሚታየው ጃኬቱ ብቻ ነበር። ሙኒር ሦስት ዓመት አልፎት አፉን አልፈታም። ስሙ ሲጠራ ዞር አይልም። ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ የዘርፉን ክር እያፍተለተለ ይውላል።

ሌላ ቤት ቢሆን ይህ ያስደነግጥ ይሆናል። እኛ ቤት ግን አስመሰገነ። እንግዳ ሲመጣ ሙኒር አይንጠላጠልም፣ የሰው ዐይን አያይም፣ ገበታ ላይ እጁን አይሰድም፣ አይቀላውጥም። የጎንደር ሰው ከልጅ ሌላ ምን ይፈልጋል? አጎቴ በኢድ ቀን የዘመድ ልጆችን ሰብስበው እሱን መሐል ያቆሙትና፣ «እዩ! ጨዋ ልጅ እንዲህ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላሉ። በእሱ የተነሣ ሌሎቹ ልጆች ስንት ቁንጥጫ እንደ ቀመሱ አላህ ይወቀው። የአንዱን ሕፃን ጭንቅ ለሌሎቹ መቅጫ ያደረገ ቤት ከእኛ ሌላ ይኖር እንደሆነ እንጃ። እናቶቹም ሳምቡሳቸውን እየገመጡ «ማሻአላህ» ይሉ ነበር። አንዲቷም ጎንበስ ብላ ፊቱን አላየችውም።

ሰዓዳን ግን ሆዷ ነግሯታል። በዚያ ክረምት ጨርቅ ልትገዛ የመጣች ነርስ ሙኒርን ልብ ብላ ካየችው በኋላ፣ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ውስጥ እንዲህ ያሉ ልጆችን የምታይ ዶክተር እንዳለች ሹክ አለቻት። ለአጎቴ «ክትባት ነው» ብለን በዝናብ ወጣን። ታክሲዋ ጭቃ እየረጨች ስትሄድ ሙኒር የመስታወቱን መጥረጊያ ብቻ ያይ ነበር። ያኔ እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ጉዞውን እንደ ሽርሽር ስላየሁት ኮረኮርሁት፤ አልሳቀልኝም።

ዶክተሯ የዳባት ገጠር ልጅ ናት፤ ነጩ ጋዋን አነጋገሯን አላስጣላትም። ሙኒርን ወለል ላይ አስቀምጣ የሳሙና አረፋ ነፋችለት። ልጁ አረፋውን ሲያይ ተፍለቀለቀ። ከዚያ ጠርሙሱን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችና ፊቱ አኖረችው። አንሥቶ ለአንዳችን ይሰጠናል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ክዳኑን አየው፣ ታገለው፣ ከዚያ ትቶት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሦስት ሴቶች ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠን ለእሱ አንዳችንም አልነበርንም።

«የሚፈልገውን በጣቱ ያሳያል?» አለች ዶክተሯ።

«ኧረ ዶክተር፣ የኔ ልጅ ጨዋ ነው!» አለች ሰዓዳ። «ጠይቆ አያውቅም።»

«ምነው እታለም፣ ታዲያ ውሃ ሲጠማው በምን ታውቂያለሽ?»

ቤታችን ውስጥ ልጅ ሳይጠማው ነው የሚጠጣው፤ ሳይርበው ነው የሚጎርሰው። አክስቱ አንድ ጉርሻ፣ ጎረቤቷ አንድ ጉርሻ። ልጁ መጠየቅ አለመቻሉን ማን ያውቃል?

ዶክተሯ ሌላም ብዙ ነገር ጠየቀች፣ ብዙ ነገር አስሞከረችው፤ ቀጥላ ስሙን ነገረችን። «ኦቲዝም ይባላል። በእርግማን አልመጣ፣ በዐይነ ጥላ አልመጣ፣ አንቺም አላጠፋሽ። ክኒን የለውም፤ ሥራ ግን አለው። ሸጋ ልጅ ነው። ጨዋነቱ ይቆይለትና መጀመሪያ መጠየቅ ይልመድ።»

ሥራውንም አሳየችን። ሙኒር ነፍሱን የሚሰጥለት ተምር ነበር። ተምሩን ውስጡ በሚታይ ብርጭቆ አድርገን፣ እጁ የማይደርስበት መደርደሪያ ላይ እናኖራለን። ሰዓዳ አንዷን ይዛ ከፊቱ ትቀመጣለች፤ እኔ ከኋላው ሆኜ ክንዱን ደግፌ መዳፉን አዘረጋዋለሁ። እንደ ዘረጋ ሰዓዳ «ስጡኝ» ትልለታለች፤ ተምሯን እዚያው ትሰጠዋለች። ቀስ በቀስ እኔ እጄን እየቀነስሁ እሄዳለሁ። «ስጡኝ ብላችሁ አልምዱት፣ ለታናሽም ለታላቅም ይሆነዋል» አለች። ከበር መልሳ ደግሞ እንዲህ አለችን፦ «ይህን ግን አትርሱ። በራሱ የዘረጋ ቀን ቶሎ ስጡት። ዘርግቶ ባዶ ከተመለሰ፣ ሁለተኛ ላይዘረጋው ይችላል።»

አጎቴ ሳይቆዩ ደረሱብን። ከሱቅ ወጥተው ሲመጡ የሙኒር መዳፍ በእኔ እጅ ላይ ተዘርግቶ አዩ። ሰዓዳ ሆስፒታሉንም፣ ስሙንም፣ ሥራውንም አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። ልጁ ምን እንደሚሆን ይጠይቃሉ ብላ ነበር፣ የዋህ።

«እጅ የሚዘረጋ ልጅ! ከሐጂ ኢድሪስ ቤት!» አሉ። «ነገ ደግሞ መስጊድ በር አስቀምጡታ! ሌላው ሰው ልጁን ከልመና ያወጣል፣ እናንተ ታስተምራላችሁ?»

«ሐጂ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለም?» አለች ሰዓዳ።

«ምን በሽታ አለው? ጨዋ ነው!»

እንግዲህ እሳቸው ሶላት ሲሄዱ ነበር የምንሠራው። ክረምቱን እንዲህ አለፍነው። አንዳንድ ቀን ተምሯን ወርውሮ ይጮሃል፤ አንዳንድ ቀን እኔም ተስፋ ቆርጬ እነሣለሁ። ጥቅምት ገብቶ መንገዱ ሲደርቅ ግን፣ ክንዱን ስደግፈው እንደ ድሮው የማይከብደኝ ሆነ። መዳፉ ራሱ መከፈት ጀምሮ ነበር። ቃል ግን የለም።

በዚያው ወር ለእኔ ሽማግሌ መጣ። ጠያቂዎቹ የደባርቅ እህል ነጋዴዎች ናቸው። አጪውን አንዴ አይቼዋለሁ፦ አንገቱ ላይ የወርቅ ሰንሰለት፣ አፉ ላይ ምንም። እሱንም ጨዋ ነው ይሉት ነበር። አጎቴ ምንጣፍ አስቀየሩ፣ ግድግዳ አስቀቡ፣ ከዚያ ሰዓዳን ጠርተው፣ «ያን ልጅ ይዘሽ ጓዳ ግቢ። በዘራቸው አለ እንዳይሉን» አሏት። በኢድ መሐል ቤት የቆመው ልጅ፣ ስም ስለ ወጣለት ብቻ ጓዳ ገባ። እናቱም አብራው።

ከዐስር ሶላት በኋላ እንግዶቹ ተቀመጡ፤ የአጪው እናትም አብራ መጥታለች። እኔ አንገቴን ደፍቼ ሻይ አቀረብሁ። ወደ ጓዳ ተመልሼ ስወጣ በሩን አልዘጋሁትም። ረስቼ አይደለም።

ሙኒር በባዶ እግሩ ወጣ። እንግዶቹን እንደ ትራስ እያለፈ በቀጥታ ወደ አጎቴ ሄደ፤ እሳቸው ከትሪው አንዲት ተምር አንሥተው ይዘዋል። ከኋላው ክንዱን የሚደግፍ ማንም የለም። መዳፉን ዘረጋ።

አጎቴ ለእንግዶቹ ፈገግ አሉና ተምሯን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። ሙኒር ጠበቀ። ከዚያ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወፍራም በሆነ ድምፅ «ስጡኝ» አለ።

የአጪው እናት፣ «ውይ! ልጁ ይለምናል እንዴ?» አለች።

አጎቴ አልሰጡትም። አፉን የፈታ ሕፃን ፊታቸው ቆሞ እሳቸው የሚያዩት የእንግዶቹን ፊት ነበር። «ሂድ፣ ግባ፣ አንተ ባለጌ!» አሉት። መዳፉ መታጠፍ ሲጀምር አየሁ፤ የዶክተሯ ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር። የምትታጭ ልጅ በሽማግሌ ፊት ቀና አትልም፣ አትናገርም። እኔ ምንጣፉን አቋርጬ ሄድሁና ተምሯን ከአጎቴ ጣቶች መካከል ፈልቅቄ ወሰድኋት። «ይኸው ሙኒርዬ፣ ስጡኝ አልህ፣ ይኸው» ብዬ መዳፉ ላይ አኖርሁለት። በላት። ከጓዳ በኩል የሰዓዳ እልልታ ፈነዳ፤ የታጨሁ የመሰላቸው ጎረቤቶችም ከውጭ ተቀበሏት።

እንግዶቹ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። «እንመክርበትና መልስ እንልካለን» አሉ። ደባርቅ ሩቅ አይደለም፤ መልሱ ግን እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው። አጎቴ ከዚያ በኋላ ለወራት አላናገሩኝም፤ በሕይወቴ ካገኘኋቸው ዕረፍቶች ሁሉ ያ አንዱ ነው።

ሙኒር ዛሬ ከእኔ ሱቅ ጨርቅ ያጥፋል፤ እሱ ያጠፈውን ሰው ሲዘረጋው ይከፋዋል። ቃላቱ ጥቂት ናቸው፣ ግን እያንዳንዳቸው ሥራ አላቸው። ልጆቻቸውን ይዘው አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡትን ወጣት እናቶች እያየሁ፣ ከየቤታቸው ስንት አጎት ጥለው እንደ መጡ አስብ ነበር። ከፊታቸው ደግሞ አንዱ ማይክሮፎን ይዞ ቆሟል።

አጎቴ ወደ ሁለተኛው ምዕራፋቸው ሲገቡ ሙኒር ከጎኔ ተነሣ። አልያዝሁትም። መድረኩ ላይ ወጣና ፊታቸው ቆሞ መዳፉን ዘረጋ። «ስጡኝ» አለ።

ያኔ ለአንዲት ተምር ያልተፈታ እጅ አሁን ሰው ስላየ ወዲያው ተፈታ። «ይኸው፣ ልጃችን ራሱ ይመስክር!» ብለው ማይክሮፎኑን ሰጡት። ሙኒር ገለባበጠው፣ ማጥፊያውን ፈልጎ አገኘና ቀጭ አደረገው። ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አኑሮት መጥቶ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ጆሮውን አልደፈነም።

ሕፃን የታቀፈች አንዲት ሴት ከኋላዬ ጎንበስ ብላ፣ «ስጡኝ ብሎ እኮ ነው የወሰደው፤ እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» አለችኝ።

«አይደለም እኅቴ» አልኋት። «አልሐምዱሊላህ፣ ጨዋ አይደለም።»