የመሪጌታ ፊልምና የዕፀገነት አሮጌ ካርድ

ዕፀገነት ንፋስ መውጫ ከመናኸሪያው ጀርባ የሠርግ ቪዲዮ የምታቀናብር ሴት ነበረች። ባሏ «ወይ እኔ፣ ወይ ኮምፒውተሩ» ቢላት ኮምፒውተሩን አቅፋ የወጣች እልኸኛ ናት።

የደብሩ የዜማ መምህር መሪጌታ ወልደማርያም ከማረፋቸው በፊት ሲያስተምሩ የቀረጸቻቸው እሷ ነበረች። ደቀ መዛሙርታቸው ከቀረጻው ለሙት ዓመታቸው ፊልም እንድትሠራ አደራ አሏት። ሥራውን ልትጀምር ስትል ግን የማቀናበሪያው ፕሮግራም በኢንተርኔት ራሱን አድሶ ኖሮ «የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር አርጅቷል» ብሎ አልሠራም አለ። ምስሉን የሚያወጣውን ካርድና ፕሮግራሙን የሚያግባባው ድራይቨሩ ነውና አዲሱን ጫነች። አዲሱ ድራይቨር ደግሞ አሮጌውን ካርድ ጭራሽ አላውቀውም አለ።

ካርዱን ለሸጠላት ለባሕር ዳሩ ባለሙያ ለሞላ ደወለች።

«የእሱ ዘመን አልፏል፣ ጣይው። ቀረጻውን ላኪልኝና እኔ እጨርሰዋለሁ» አላት።

«ምን ሆነና? ትናንት ሲሠራ የዋለ ካርድ!»

«ዓለም ሁሉ ወደ አዲሱ ሄዷል፣ ዕፀገነት።»

«ይሂዳ! እኔን ማን ጠራኝ?» ብላ ዘጋችበት።

ወንድሟ አበባው ተቆጣ። «ላኪለት እንጂ! ክብር ነው የምትፈልጊ?»

«አዎ፣ ክብር ነው! አደራውን የተቀበልሁ እኔ ነኝ።»

አዲሱን ፕሮግራምም ድራይቨሩንም አጠፋች። የድሮውን ፕሮግራም ከመሳቢያ ካወጣችው ሲዲ መልሳ ጫነች። ለእሱ የሚስማማ የቆየ ድራይቨር ከካርዱ አምራች ድረ ገጽ ታወርድ ጀመር፤ ኔትወርኩ እየተቆረጠ ከሀ ያስጀምራታል። ያወረደችው የመጀመሪያው ድራይቨር ፕሮግራሙን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። አለቀሰች። እያለቀሰችም ከዚያ የቀደመውን ሞከረች።

ምስሉ መጣ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ብቅ አሉ። ዕፀገነት ዘላ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀለች። «ከእንግዲህ ማን እንደሚያድስህ አያለሁ!»

በሙት ዓመቱ ፊልሙ በሰንበቴው ቤት ግድግዳ ላይ ታየ። መሪጌታ «አትቸኩል፣ ዜማው እኮ አያመልጥህም!» ብለው አንዱን ሲገሥጹ፣ ያ ተማሪ ከሰው መሀል ሆኖ እንባውን በጋቢው ጠረገ። ከዚያ ሁሉም ድምፃቸውን ተከትለው አዜሙ።

መጨረሻ ላይ የዕፀገነት ስም ግድግዳውን ሞልቶ ወጣ።

«ልጄ፣ ስምሽ አልበዛም?» አሉ የደብሩ አለቃ።

«ይብዛ አባ፤ ደክሜበታለሁ።»