አንድ ነጭ መስመር

ሰፈራችን ውስጥ ሬዲዮ ሲበላሽ የሚጠራው እኔ ነበርኩ። ከዘጠነኛ ክፍል ባቋርጥም እጄ አላቋረጠም እል ነበር። ከዚያ ያ የዓለም ጤና ከተማ ልጅ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ዲፕሎማውን ይዞ ናዝሬት መጣና እነሱ ግቢ ቤት ተከራየ። እነሱ ማለቴ የምወዳት ልጅና እናቷ። ሌላ ግቢ ጠፋ?

ቴሌቪዥናቸው ሲበላሽ ታዲያ ቀድሜው ደረስኩ። ድምፁ አለ፤ ዜና አንባቢው ስለ እርሻ ምርት ይለፈልፋል። ምስል ግን የለም፤ መሃል ላይ አንድ ነጭ መስመር ብቻ ተጋድሟል።

"እትዬ፣ እሁድ ሳይደርስ ያዩታል" ብዬ ለእናቷ ማልኩላቸው።

ሁለት ቀን ፈጋሁ። ከሞተ ሬዲዮ ነቅዬ ትራንዚስተር ቀየርኩ፤ መስመሩ ንቅንቅ አላለም። ኮንደንሰር ቀየርኩ፤ ወይ ፍንክች! በሁለተኛው ቀን ያ ልጅ ሸሚዙን እንደ ሙሽራ ተኩሶ በሩ ላይ ቆመ።

"አካም፣ ወንድሜ? እንዴት ይዞሃል?"

"ምን ፈለግህ፣ ጓድ ቴክኒሺያን?"

ልጅቷ ሳቀች። በማን እንደሳቀች አላወቅኩም፤ ያ ነው ያበገነኝ።

"ዳንቴሉን ሁለተኛ አታልብሱት" አለ። "በዚህ ሙቀት ተሸፍኖ ሲሠራ ይቀቀላል። ውስጡ አንዱ ብየዳ ተሰንጥቆ ይሆናል። በእንጨት መታ መታ እያደረግህ ፈልገው።"

እውነቱን ነው። እትዬ አቧራ እንዳይገባበት ብለው ዳንቴል፣ በዳንቴሉ ላይ ነጠላ ደርበው ነበር የሚያዩት። እኔ ራሴ ስንቴ ገልጬ ስንቴ መልሼ አልብሼዋለሁ! ግን ከሱ አፍ ወጣ።

"ዲፕሎማህ የአናጺ ነው እንዴ?" አልኩት።

ፈገግ ብሎ ሄደ። ከስድብ ባሰብኝ።

ገና ኮቴው ሳይርቅ ከእትዬ ጓዳ የወጥ ማማሰያ አንስቼ ቀስ እያልኩ ውስጡን መታሁ። አንዱ ጋ ስደርስ መስመሩ እንደ ዓይን ተገለጠ፣ መልሶ ተከደነ። አጥፍቼ አየሁት፤ ብየዳው ዙሪያውን ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ተሰንጥቋል። በየድኩት። ስከፍተው ስክሪኑ ጢም ብሎ ሞላ።

"ጌታ እጅህን ይባርክ!" አሉ እትዬ።

"ማንም ሳይነግረኝ ነው ያገኘሁት" አልኩ። ማን ጠየቀኝ?

ልጅቷ ማማሰያውን እያየች "እሱ እንዳለው መታህ አይደል?" አለችኝ።

"ኧረ እሱ ደሞ ምን ያውቃል!"

"ልጥራው፤ መሥራቱን ሲያይ ደስ ይለዋል" ብላ ወጣች።

ይዛው መጣች። "ጎበዝ!" ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ከልቡ ነበር፣ እሱ ነው የባሰው። የመበየጃ ካውያዬ እስኪበርድ ቆሜ ስጠብቅ ሁለቱ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እኔ የበየድኩትን ቴሌቪዥን ያያሉ።

"ቁጭ በል እንጂ፣ ልጄ" አሉኝ እትዬ።

"የቀበሌ ስብሰባ አለብኝ" ብዬ ወጣሁ። ምንም ስብሰባ አልነበረም። በዚያ በደርግ ጊዜ ግን ስብሰባ አለብኝ ያለን ሰው የሚያስቀር አልነበረም፤ እሷም አላስቀረችኝም።