ከ«መ» ክፍል ያወጣኝ ጌታ

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ዛሬስ ዝም አልልም! ሁልጊዜ በሩ ሥር ተቀምጬ አንገቴን ስደፋ ታዩኛላችሁ። ዛሬ ግን ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው። ሃሌሉያ በሉልኝ! ቀስ ብላችሁ ግን፣ ጎረቤት እንዳይሰማን።

አምስተኛ ክፍል ስንገባ በውጤታችን ከፋፈሉን። ጎበዞቹ «ሀ» ገቡ፤ እኔ «መ» ደረሰኝ። «ሀ»ዎች ሒሳብ ሲማሩ እኛ ከጣና ውኃ እየቀዳን የትምህርት ቤቱን ጎመን እናጠጣ ነበር። አንድ ቀን አስተማሪያችን ሲጠይቅ እጄን ባወጣ፣ «አንች ተይው፣ ባልዲሽን ያዥ» አለኝ። ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ እጄን አላወጣሁም። የስድስተኛን ፈተና ስወድቅ ማንንም አልገረመው፤ እኔንም አልገረመኝ። «መ» የክፍሌ ስም መሆኑ ቀርቶ የራሴ ስም ሆኖ ነበር።

ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ተደብቀን ወደምንጸልይበት ወደዚህ ቤት አመጡኝና ጌታን ተቀበልሁ፤ ክብር ለስሙ! ኃጢአቴ እንደ ተሰረየልኝ አመንሁ፤ አእምሮ እንዳለኝ ግን አላመንሁም።

ያለን መጽሐፍ ቅዱስ አንድ ነው። ስፌቱ ተፈትቶ ወረቀቱ በየቅጠሉ ይታደለናል፤ የደረሰንን በቃላችን አጥንተን እንለዋወጣለን። ተራዬ በደረሰ ቁጥር፣ «እኔ የ‹መ› ልጅ ነኝ፣ ለሌላ ስጡት» እል ነበር። ባለፈው ግን እትዬ ብርቄ ቅጠሉን በመቀነቴ ቋጥረው፣ «ጌታ ሀ፣ መ እያለ አልጠራሽም! ያዥ!» አሉኝ። ጌታ በታንኳ ሳለ ማዕበል የተነሣበት ታሪክ ነበር። አይያዝልኝም ብዬ ስለ ፈራሁ፣ እንጨት ስለቅምም ውኃ ስቀዳም ደጋግሜ አነበብሁት።

ቅዳሜ ከአባቴ ጋር ከዘጌ እንጨት ጭነን በታንኳ ስንመለስ ነፋስ ተነሣ። እኅቶቼ፣ ያ ማዕበል! ውኃው በላያችን አለፈ። መቀነቴን ብዳስስ ቅጠሉ ሊጥ ሆኗል። የሁላችን ቃል በእኔ እጅ ጠፋ ብዬ አለቀስሁ። ያን ጊዜ አፌ ተከፈተ! ታሪኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ምንም ሳላስቀር፣ በጩኸት ወጣልኝ። ጌታ ይባረክ!

አባቴ መቅዘፋቸውን ትተው፣ «አንች ልጅ! ይህን ሁሉ የት አኖርሽው?» አሉኝ።

«ራሴ ውስጥ ነው፣ አባባ!»

«የቱ ራስሽ? ያ ባልዲ ተሸካሚው?»

በዚያ ማዕበል መካከል ሁለታችንም ሳቅን። ነፋሱ ወዲያው ጸጥ አላለም፤ አልዋሽም። እኔ ግን ጸጥ አልሁ።

እሑድ እዚሁ ቁጭ ብዬ ቅጠሉን በእጄ ጻፍሁት። ከእኔ በፊት ያጠኑት ወንድማችን ሳነብላቸው ሰምተው አንድ ቃል አላረሙኝም። ተመስገን ጌታዬ! አሁን ስድስተኛን በማታ ልማር ተመዝግቤያለሁ። ልለፍ፣ ልውደቅ ገና አላውቅም፤ «መ» ግን ስሜ አይደለም።

ከእናንተም መካከል ሰው የለጠፈበትን ፊደል ተሸክሞ የመጣ ካለ፣ ለዚህ ጌታ ይስጠው። እጃችሁን አውጡ፤ እርሱ «ተይው» አይልም። ይኸው፣ እኔም አወጣሁ!