ሁዳዴን ቅቤ የጠጣ ወንበር

ታላቅ ወንድሜ ስፖርት መኪና ገዛ ሲባል አቃቂ ላይ ያመነ ሰው አልነበረም። እኔም ያመንኩት ግቢያችን ውስጥ ቆሞ ሳየው ነው። በንጉሡ ዘመን፣ ፋብሪካዎቹ ከባቡሩ መስመር ዳር ተራ በተራ በሚተከሉበት ወቅት፣ የግል መኪና የሚነዱት ሥራ አስኪያጆችና የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ወንድሜ ደግሞ በአንዱ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ሠራተኛ ነበር። መኪናውን ያገኘው ኮንትራቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ ኢጣሊያዊ መካኒክ ነው። ባለ ሁለት መቀመጫ፣ አፍንጫው ረጅም፣ ጣሪያው የሚታጠፍ ሸራ፣ ቀለሙ በአንድ ወቅት ቀይ የነበረ መኪና ነው።

የፋብሪካው መጋዘን ጀርባ ቆሞ ስለከረመ ዶሮ ሲያድርበት ኖሯል። ኩሱን የፈገፈግሁት እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። ከአንዱ ወንበር ውስጥ አይጥ የወለደችበትን ጎጆ ከነልጆቿ በእጄ አወጣሁ። ልጆቹ ሞተው ደርቀው ነበር። የወንበሮቹ ልብስ ተቦጫጭቆ ሽቦው ወጥቷል፤ የሽንትና የቤንዚን ድብልቅ የሆነ ሽታ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ያን ጊዜ በጋዜጣ ሪፖርተርነት ከተቀጠርኩ ብዙም አልቆየሁም፤ ሆኖም በሥራዬ የሆስፒታል ሬሳ ክፍል ገብቼ አውቃለሁ። ከዚያ መኪና ለመውጣት እንደቸኮልኩት ከሬሳ ክፍሉ ለመውጣት አልቸኮልኩም።

ወንድሜ የቸኮለው ለሌላ ነገር ነው። የአንድ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ልጅ አጭቶ ነበር። ሽማግሌ የላክን ቀን አባቷ ስለ ጥሎሽ አንድም ቃል አልተነፈሱም። የጠየቁት፣ “ልጄን በምን ትወስዷታላችሁ?” ብለው ነው። “ታላቋን በጋሪ ሰጥቼ መንደሩ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል። ይቺን በጋሪ አልሰጥም።” ወንድሜ በሽማግሌዎቹ አፍ “በራሴ መኪና” ብሎ መለሰ። አባትየው ቀልድ የሚያውቁ ሰው አልነበሩም፤ “እንግዲያው በራሱ መኪና ይምጣ። ተከራይቶ የመጣ እንደሆነ ከደጄ ይመለሳል” አሉ። ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ተቆረጠ። ስለዚህ ያ የዶሮ ማደሪያ ሁዳዴ ሳያልቅ ሙሽራ የሚያስቀምጥ መኪና መሆን ነበረበት። ካልሆነ ጋብቻ የለም።

ወንድሜ ለባለሙያ አልሰጥም አለ። ማርሚታውን፣ የጭሱን ድምፅ ማፈኛ፣ ቆርጦ ራሱ በበየደው ቧንቧ ተካው፤ መኪናው ሲነሳ የመንደሩ ውሻ ሁሉ ይጮህ ጀመር። የተቦረቦረውን ላሜራ በስቱኮ ደፈነ። ቀለሙን የቀባው በትኋን መድኃኒት መርጫ ፓምፕ ነው፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ዝንብ እየመጣ ተለጠፈበት። ዝንቦቹን በወረንጦ የነቀልኩት እኔ ነኝ። ገላቸው ተነቅሎ ሲመጣ እግራቸው ኮፈኑ ላይ ቀረ። “ከሩቅ አይታይም” አለኝ። እውነት ነው፣ ከሩቅ አይታይም ነበር። መኪናውን የሚያጥበው ወንዝ ዳር ወስዶ ነው። ውሃው ከላይ ካሉት ፋብሪካዎች የሚለቀቀውን ይዞ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ ሌላ ቀን የበሰበሰ ጎመን መስሎ ይወርዳል። እሱ በዚያ ውሃ አጥቦ፣ በአመድና በሎሚ ብረቱን አሽቶ፣ ፊቱን አስጠግቶ ጥርሱን ያይበታል።

ይህን ሁሉ ቻልኩት። ያልቻልኩት ወንበሩን ነው።

አባታችን በሕይወት ሳለ ቆዳ ያለፋ ነበር። ጠጉሩን ፍቆ፣ በጉሎና በቅቤ አሽቶ፣ በእግሩ ረግጦ የሠራው ቁርበት እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። ወንድሜ ይህን አይቶ አድጓል። በቅበላ ሰሞን፣ ሰው ሁሉ ከጾሙ በፊት ሥጋ በሚበላበት ጊዜ፣ ቆዳ እንደ ልብ ይገኛል። ከልኳንዳ ቤት ጥሬ የላም ቆዳ ተሸክሞ መጣ።

“የፈረንጅ ቆዳ ፀሐይ ሲነካው ይሰነጠቃል። ይሄ ግን የልጅ ልጅ ይቀመጥበታል” አለ።

“አባባ ቁርበቱን በደንብ ካደረቀው በኋላ ነበር የሚያለፋው” አልኩት።

“አባባ መኪና አልነበረውም። እርጥቡን ከወጠርኩት ሲደርቅ ራሱ ይጠብቃል። አንተ ጋዜጣህን ጻፍ።”

እርጥቡን በሁለቱም ወንበሮች ላይ ወጠረው። በወንበሩ ሆድ ውስጥ የፋብሪካ ውዳቂ ጥጥ ጎሰጎሰበት፤ ከዚያ ቅቤ ማጠጣት ጀመረ። ማጠጣት የምለው ያየሁት እሱ ስለሆነ ነው። ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ የቀለጠ ቅቤ በጣሳ ይዞ ይመጣል፣ በእጁ እየዘገነ ያሻል፣ ቆዳው ይመጠዋል፣ ደግሞ ይጨምራል። ለምግብ የሚሆን ቅቤ አልነበረም። ጾም ሲገባ ገበያ ላይ ሳይሸጥ የቀረ፣ ከርሞ አረንጓዴ ያወጣ ቅቤ ነው። ቆዳ የሚወደው የከረመውን ነው ይላል።

ሁዳዴ ነው እንግዲህ። በቤታችን ለቅቤ የሚያገለግለው ዕቃ ሁሉ ታጥቦ ለብቻው ተሰቅሏል። እናቴ ጣሳውን ያየች ቀን ከደጃፍ አላሳለፈችውም።

“ምንድን ነው እጅህ ላይ ያለው?”

“እማ፣ አልበላሁም እኮ። ለወንበር ነው።”

“በሁዳዴ ቅቤ ስትዳብስ ውለህ ገበታዬ ላይ እጅህን አታስገባም። እዚያው ከላምህ ጋር ብላ!”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽሮው በተለየ ሳህን ግቢ ይወጣለታል። እሱም መኪናው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ይበላል። ሽታው የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው። መጀመሪያ ጎምዛዛ ነበር፣ እንደ ቆየ አሬራ። በኋላ ጣፈጠ፤ ሽታ ከሁሉ የምጠላው ሲጣፍጥ ነው። ጣሪያው ተዘግቶ ፀሐይ ላይ ከዋለ በሩን የከፈተ ሰው እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። ነገርኩት።

“ጾም ላይ ስለሆንክ ነው” አለኝ። “ጾመኛ አፍንጫ ቅቤ ሁሉ ይገማዋል። እማም እንደዚያው። ፋሲካ ሲደርስ ታመሰግነኛለህ።”

የሚገርመው፣ ሰው ሁሉ በዚህ ተስማማ። ጎረቤት መጥቶ አፍንጫውን ይይዝና “ጾሙ ነው” ብሎ ይሄዳል። እናቴ እንኳን ሽታው ከኃጢአቱ እንጂ ከቆዳው የመጣ አልመሰላትም። ጾም የማይይዘው አፍንጫ ያስፈልግ ነበር፤ ስለዚህ በሰቃ ሰፈር ያለ አንድ የስልጤ ነጋዴ ጠርቼ አመጣሁ። ሱቁ ውስጥ ሸራና ገመድ ይሸጣል፤ ሙስሊም ስለሆነ በዚያ ሰሞን ቅቤ ይበላል። አንገቱን በመስኮቱ አስገባ፤ ወዲያው መልሶ አወጣው።

“ወላሂ፣ ይሄ ነገር መቀበር ያለበት ነው” አለ።

ወንድሜ ሳቀ። “ሸራ ሊሸጥልኝ ፈልጎ ነው!”

“በነጻ ልስጥህ!” አለ ሰውየው ወደ በሩ እየተራመደ። “ብቻ እሱን ነገር በሱቄ በኩል እንዳታሳልፈው።”

ፋሲካ መጣ። ዶሮው በለጋ ቅቤ ተሠርቶ ቤቱን ሞላው፤ ሆዴ ከሌሊት ጀምሮ ሲጠብቀው የነበረ ሽታ ነው። በልቼ ስጨርስ፣ አፌ ገና ቅቤ ቅቤ እያለ፣ ሄጄ የመኪናውን በር ከፈትኩ። አፌን በእጄ ይዤ ወደ ኋላ አልኩ። ጾሙ አልነበረም። ወንድሜ ከኋላዬ ቆሞ ነበር፤ እሱም ሸተተው። ፊቱ ላይ አየሁ።

“ቆዳውን እናንሳው” አልኩት።

“አንስቼ ሽቦ ላይ ላስቀምጣት? ለአባቷ ወንበሩን በእጄ ሠራሁት ብያለሁ። ሽታው ይለቃል።”

ሳምንቱን ሙሉ ሽቶ ሲያርከፈክፍበት፣ አርቲና ጠጅ ሳር ሲጎዘጉዝበት ሰነበተ። ሽታው አልለቀቀም፤ ሽቶ ተቀባ እንጂ። የተበላሸ ምግብም፣ የሬሳም ሽታ አውቃለሁ። ሽቶ የተቀባ ብስባሽ ግን ከሁለቱም ይብስ ነበር፤ ሸሚዜ ውስጥ ገብቶ ቢሮ ድረስ ተከተለኝ።

የሠርጉ ዕለት መኪናውን ጣሪያውን ከፍተን ነዳነው፤ ነፋሱ ረዳን። አባትየው ከደጃፋቸው ሳይርቁ ኮፈኑን አዩ፤ እንደተባለው ከሩቅ የዝንብ እግር አይታይም። “የራስህ ነው?” አሉ። “የራሴ ነው” አለ። መረቁት። ሙሽራይቱ ወጣች። መንገዱ አቧራማ ስለነበር፣ ነጭ ቀሚሷ እንዳይቆሽሽ ብለው አክስቶቿ ጣሪያውን ዘጉት። ወንድሜ ቸኩሎ ሞተሩን አስነሳ።

እኛ ሚዜዎቹ ከሙሽራይቱ ጓደኞች ጋር በጭነት መኪና እየዘፈንን ተከተልን። የባቡር ሐዲዱ ማቋረጫ ጋ ስንደርስ የዕቃ ባቡር እያለፈ ነበርና ቆምን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ባቡሩ ገና አልፎ ሳያልቅ የቀዩ መኪና በር ተበረገደና ሙሽራይቱ ወረደች። ዘፈኑ ቆመ። ቬሏን ጠቅልላ አፍንጫዋ ላይ ይዛለች። ዞር ስትል ቀሚሷ ከወገቧ በታች በቅቤ ርሶ ቢጫ ሆኗል።

“የሞተ ነገር አለ እዚህ ውስጥ!” አለች።

“ወንበሩ ነው” አለ ወንድሜ። “እኔው ራሴ ነኝ የሠራሁት። ላንቺ ብዬ።”

“ለእኔ ነው?”

“ለአንቺ ነው።”

“ለእኔ ከሆነ አውጣው።”

ከጓደኞቿ አንዷ ከጭነቱ ላይ ሆና፣ “እንመለስ እህቴ፣ አባትሽ ጋ እንመለስ!” ብላ ጮኸች። ሌላዋ፣ “ሙሽራውንም አብሮ ያውጣው!” አለች፤ ሳቅ ሆነ። ሙሽራይቱ አልሳቀችም። ወደ አባቷ ቤት አቅጣጫ አየች፣ ከዚያ ወደ ቀሚሷ።

“እንዲህ ሆኜ አባቴ ፊት አልቆምም” አለች። “ታላቄን በጋሪው ሲስቁባት ያደግኩ ነኝ። አውጣው፣ ከዚያ እንሄዳለን።”

ወንድሜ የሙሽራ ኮቱን አውልቆ ቁልፉን አነሳና ብሎኑን መፍታት ጀመረ። እኔ ወንበሩን ያዝኩለት፤ ጣቴ ቆዳው ውስጥ ሰመጠ። ለቀቅኩት፤ ደግሜ ያዝኩት። ተነቅሎ መንገድ ዳር ሲገለበጥ፣ የታችኛው ፊቱ ይንቀሳቀስ ነበር። ነጭ ትል ነው፣ ጥጡ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ይርመሰመሳል። አንድ ሚዜ ዞሮ አስመለሰው። ወንድሜ ትሉን ቆሞ ተመለከተ። ሁለተኛውን ወንበር የፈታው ሳያየው ነው፤ ፊቱን ወደ ሐዲዱ አዙሮ።

ኮቶቻችንን አውልቀን ወለሉ ላይ አነጠፍን። ሙሽራይቱ እግሯን ዘርግታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ወንድሜም አጠገቧ፣ መሪውን ከታች ወደ ላይ ይዞ። ከውጭ የሚታየው የቬሏ ጫፍና የእሱ ግንባር ብቻ ነበር። እንዲያው ሆነው እኛ ቤት ደረሱ።

እናቴ በር ላይ ነበረች። ሙሽራይቱ ስትወርድ ከፊት ሳይሆን ከኋላ አየቻት፤ ሴት ስለሆነች ይሆናል። ነጠላዋን አውልቃ በወገቧ ዙሪያ አሰረችላት፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ከአጠገቧ አልራቀችም። ሙሽሮቹ ጉልበት ለመሳም ጎንበስ አሉ። እናቴ ጉልበቷን ሰበሰበች።

“አንቺ ሳሚ፣ ልጄ” አለቻት። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። “አንተ ሂድና ታጠብ።”

እልልታው ሲቀልጥ ሙሽራው ከበርሜሉ አጠገብ ነበር፤ እጁን እስከ ክርኑ በሳሙናና በአሸዋ ይፈትጋል። እኔ ውሃ አፈስስለታለሁ። የራሴን እጅ ገና አላጠብኩም ነበርና ጣሳውን የያዝኩት በሁለት ጣቴ ነው።