የጋሼ መኩሪያ ጋራዥ

በሲያትል ካለው ሐበሻ ሁሉ ያንን ሽታ ቀድሞ የለየው እኔ ነኝ። ዛሬ በሕግ ፈቃድ፣ በመስታወት በር ይሸጣል። ባለፈው ሬኒየር ቢች ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ ከአንዱ ሱቅ ሽው ሲልብኝ፣ አጠገቤ ለቆመው የሐበሻ ጎረምሳ «እኔ ይሄን ነገር አንተ ሳትወለድ ነው የማውቀው» ብዬ ደረቴን ነፋሁበት። እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ያሸተትኩት ዕለት የሞተ አይጥ መስሎኝ ቤታችን ሶፋ ሥር ተንበርክኬ ፈልጌያለሁ።

ሽታው ሁልጊዜ ይዞብኝ የሚመጣው ጋሼ መኩሪያን ነው። በዘጠናዎቹ መጨረሻ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። ቀን ቀን መሐል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን የሰበካ ጉባኤ ሊቀመንበር ናቸው። ክራቫታቸውን ሲተኙም የሚያወልቁት አይመስለኝም ነበር። ቀበቷቸው ላይ የተሰካው ፔጀር ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውላል፤ እንዴት እንደሚነበብ ግን አያውቁም። ሁለት ሐበሻ መኪና ፓርክ ማድረጊያ ላይ ቢጣላ የሚጠራው ፖሊስ ሳይሆን ጋሼ መኩሪያ ነበሩ።

በዚያው ዓመት ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ ካንሰር ያዛቸው። ኬሞው ከጀመረ ወዲህ የቀመሱት ሁሉ ይመለስ ነበር። የንስሐ አባታቸው ጾሙን ፈቱላቸው፤ እሳቸውን ግን ፍስኩም ጾሙም አንድ ላይ አቃታቸው። ቀሚሳቸው በየሳምንቱ የሌላ ሰው እየመሰለ ሄደ። በመጨረሻ ሐኪማቸው አንድ ወረቀት ጻፈላቸው። ማሪዋናን ለሕመምተኛ የሚፈቅደው ሕግ ገና መውጣቱ ነበርና፣ ጋሼ መኩሪያ አራት ችግኝ ከየት እንዳመጡ እግዜር ይወቅ፣ በአራት ባልዲ ተክለው ጋራዣቸው ውስጥ ደበቁት። ከዚያ ቅጠል ትንሽ የወሰዱ ዕለት እትዬ ጽጌ ግማሽ ሳህን ሽሮ ይበላሉ። ያልወሰዱ ዕለት ምንም።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት በአንድ የታኅሣሥ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ውጭው በረዶ ሠርቶ መኪኖች እንደ ሰካራም ይንሸራተታሉ። የሐበሻን ጠያቂ ግን በረዶ አይመልሰውም። ከቅዳሴ በኋላ የእትዬ ጽጌ ሳሎን በሰውና በድስት ሞላ፤ እናቴም እኔን ጎትታ ገባች። ከሰሜን የሾርላይኖቹ ሳይመጡ ከደቡብ የታኮማዎቹ ቢሄዱ ነውር ነው፤ የሾርላይኖቹ ሲመጡ ደግሞ ወዲያው ብድግ ማለት የባሰ ነውር ነው። ስለዚህ ማንም አይሄድም። እኔም ጉንጬ በመሳም ብዛት ሊቦረቦር ሲደርስ፣ ከኩሽናው ጎን ያለውን በር ከፍቼ ሾለክሁ።

«ዝጋው! በእመብርሃን ዝጋው!»

ጋሼ መኩሪያ ከነሙሉ ልብሳቸው የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀምጠዋል። በአራት ማዕዘን የቆሙት አራት ተክሎች ከእኔ ይረዝማሉ። አሮጌ ምንጣፍ ከባልዲዎቹ ሥር፣ በመኪና መግቢያው በር ላይ ሁለት ፍራሽ በምስማር፣ ጡብ ላይ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ ሂተር፣ ታጉረመርማለች። አገር ቤት ጅማ የቡና ችግኝ ጣቢያ ኃላፊ ነበሩና የሚያውቁትን ሁሉ ደርድረዋል። አፈሩ ውስጥ የሰው ትኩሳት መለኪያ ሰክተው፣ በየጊዜው እየነቀሉ፣ እያራገፉ፣ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ። ተክል ሲያስታምሙ ያየሁት የመጀመሪያው ሰው ናቸው።

በሩን በቁልፍ ዘጉና ከሥሩ ፎጣ ወተፉ። የዚያን ሽታ ምንጭ ያገኘሁት ያኔ ነው፤ ሶፋ ሥር የፈለግሁት አይጥ አራት ሆኖ ቆሟል።

«አሁን አንተም መውጣት አትችልም» አሉኝ። «ሸተሃል።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስኪሄዱ።»

«ጋሼ፣ ዘይ ኔቨር ሊቭ! መቼም አይሄዱም!»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የሊቀመንበር ጠባያቸው ሆኖ እውነት አይክዱም። ምን እንደሆነና ለማን እንደሆነ ያኔ ነገሩኝ። «ሐኪሙም ፈቅዷል፣ መንግሥትም ፈቅዷል» አሉ በሹክሹክታ። «ያልፈቀድነው እኛ ነን።» ሳሎኑ ውስጥ የቤተ ክርስቲያኑ አባ አሉ፣ ግማሹ ጉባኤ አለ። ባለፈው ወር ብቻ አንድ ልጅ ይህንኑ አጨሰ ተብሎ አባቱን ፊታቸው አስቁመው የገሠጹት ራሳቸው ጋሼ መኩሪያ ነበሩ።

ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። መስኮት የለ፣ ቴሌቪዥን የለ። ከበሩ ወዲያ ሳቅ፣ ማንኪያ፣ «ብሉ እንጂ»፣ እንደገና «ብሉ እንጂ»። አንድ ሰው ተነሥቶ «በሉ እንግዲህ» ባለ ቁጥር ልባችን ይዘላል፤ ሰውየው ወንበር ለመቀየር ኖሯል። ጋሼ መኩሪያ ሳል ሲመጣባቸው ጋቢያቸውን ይነክሳሉ። በዓለም ላይ የታሰሩ ሰዎች ሁሉ ተሰብስበው የእኛን ያህል አልታሰሩም።

ከዚያ ከጠያቂዎቹ የአንዷ፣ የእትዬ በላይነሽ ድምፅ ተሰማ። «ኧረ ብርድ ነው! ያቺን ሂተር ኮሪደሩ ላይ ፕለግ አድርጓት!»

ጧ አለ። ጋራዡ ጨለመ፤ ሂተራችን ዝም አለች። ያ የኮሪደር ሶኬትና የእኛ መስመር አንድ ነበር። እትዬ በላይነሽ ሂተራቸውን ወደ ሌላ ሶኬት አዛውረው መሞቃቸውን ቀጠሉ። የጠፋውን መስመር መልሶ የሚያበራው ብሬከር ያለው እዚያው ኮሪደር፣ ከካፖርቶቹ ክምር ጀርባ ነው።

ጋሼ መኩሪያ በዳበሳ ኮታቸውን አውልቀው አንዱን ተክል አለበሱ፤ ጋቢያቸውን ለሁለተኛው። «በዚህ ብርድ ብዙ አይቆዩም» አሉ። «እነዚህ ከሞቱ ሌላ ለማድረስ ሦስት ወር ነው። ጽጌ ሦስት ወር ሳትበላ...» ቁልፉን ሲያዞሩ ሰማሁ። ከበሩ ወዲያ አባ ጸሎት ጀምረዋል። እጃቸው ቁልፉ ላይ ቆየ፤ በዚያ በር ከወጡ ሊቀመንበርነቱም፣ ስሙም አበቃ። «ይሁን» አሉ ለራሳቸው።

በእጃቸው ሥር ሾልኬ ቀደምኳቸው። በጀግንነት አይደለም፤ ጨለማ እፈራለሁ።

ሦስት እርምጃ አልሄድኩም፣ እትዬ በላይነሽ ሊስሙኝ ያዙኝ። ጉንጬ ላይ ደርሰው ቆሙ። አሸተቱ። እንደገና አሸተቱ።

«አንተ! ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?»

ጸሎቱ ተቋረጠ። ሃያ አፍንጫ ወደ እኔ ዞረ። እትዬ ጽጌ ከሶፋው ጥግ ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ይዘው ያዩኛል፤ ከዓይናቸው በቀር ምንም አልቀራቸውም።

«አምልጦኝ ነው» አልኩ።

«ውይ በሞትኩት!» አሉ እትዬ በላይነሽ እጃቸውን እያራገፉ። «አንቺ፣ ምን አብልተሽው ነው ይሄን ልጅ?» እናቴ በጆሮዬ ይዛ ወደ መታጠቢያ ቤት ስትጎትተኝ፣ ካፖርቶቹ ላይ የወደቅሁ መስዬ ብሬከሩን ቀና አደረግሁት። ከጋራዡ በኩል ሂተሯ እያጉረመረመች ስትነሣ ተሰማኝ። ሴቶቹ መስኮቱን ሁሉ ከፈቱ፤ ያ ብርድ ሲገባ ሾርላይንም ታኮማም ነውሩን ረስቶ በሩብ ሰዓት ውስጥ ተበተነ።

እትዬ ጽጌ ያንን ዊንተር እየበሉ ወጡት፤ ከዚያም በኋላ ስድስት ፋሲካ ፈሰኩ። ጋሼ መኩሪያ ከዚያ እሑድ ጀምሮ እኔን በስሜ ጠርተው አያውቁም፤ «ጀግናው» ነው የሚሉኝ። ሰርጌ ላይ ማይክ ይዘው «ይህ ልጅ ለእኔ ቤት ሲል በሰው ፊት ራሱን አዋርዷል» ብለው አለቀሱ፤ ለምን እንደሆነ ግን ለማንም አልነገሩም። ከሁለት ዓመት በፊት አረፉ። ስሙን ለእኔ ትተውልኝ ነው የሄዱት፤ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሽማግሌዎቹ ምክንያቱን ሳያውቁ ዛሬም «ጀግናው መጣ» ይሉኛል።

በሕይወት ሳሉ ልነግራቸው ሞክሬ አፌ አልታዘዝ አለኝ። እናቴ ብቻ ታውቃለች፤ ሱሪዬን ያጠበችው እሷ ናት። ለእሳቸው ክብር ብዬ አልዋሸሁም። መብራቱ የጠፋ ጊዜ፣ በአሥራ ሁለት ዓመቴ፣ ባልዲዎቹ መሐል ቆሜ ሱሪዬ ላይ ሸንቼ ነበር።