የዙዌና ጭቃና የሚሺ ማቡዩ

ዙዌና ዕድሜዋን የጨረሰችው ጭቃ ስታጥብ ነው። ሌላዋ ሴት ልብስ ታጥባለች፣ ሩዝ ታጥባለች፤ እሷ ጭቃ ታጥባለች። ወንዛችን ባሕሩን በሚያገኝበት አፍ ላይ፣ ከውኃው ሥር የተኛውን ደለል የባሕር ምርምር ጣቢያው ሰዎች ከጀልባ ላይ ሆነው በብረት መንጋጋ ነክሰው ያወጡታል። ከዚያ ተራው የእሷ ነው። ደለሉን በደቃቅ ወንፊት ላይ ዘርግታ፣ ከላይ ውኃ እያንጠባጠበች፣ በዶሮ ላባ እያገላበጠች ታጥበዋለች። ጭቃው ወርዶ ሲያልቅ ወንፊቱ ላይ ከጨው የደቀቀ ነጭ ነገር ይቀራል። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ዛጎል ነው። አንዱ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠመዘዘ፣ አንዱ እንደ ዶቃ የተደረደረ፣ አንዱ እንደ ጠርሙስ አንገት ያለው። በእያንዳንዱ ዛጎል ውስጥ በዓይን የማትታይ ነፍስ ትኖራለች፤ ወይም ትኖር ነበር።

ትኖራለች ወይስ ትኖር ነበር የሚለውን መለየት ነው ትልቁ ሥራ። ለዚህ አንድ ሮዝ ዱቄት አላቸው። ትንሽ በጥብጠው ገና የወጣው ጭቃ ላይ ያፈሱበታል። ነፍስ ያለባት ዛጎል ቀለሙን ጠጥታ ትቀላለች፤ ባዶዋ ነጭ እንደሆነች ትቀራለች። አንድ ቀን እኔንም ጠርታ አሳይታኛለች። ትንፋሼ መስታወቱን እንዳያደበዝዘው ፈርቼ ብዙ አልቆየሁም እንጂ እንዲያ ያለ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም።

ሰፈራችን ግን ይህ ሥራ ገብቶት አያውቅም። ዙዌና በጭቃ የተለወሰ ባልዲዋን ይዛ ከባሕር ምርምር ጣቢያው ስትመለስ ዓሣ ሻጮቹ ይለክፏታል።

«ዙዌና፣ ዛሬስ ወርቅ አልተገኘም?»

«ተገኝቶ ነበር። ላንተ እንዳላስለብጥበት ጥርስ የለህም፤ መልሼ ጣልኩት።»

ትመልስላቸዋለች እንጂ ይደክማታል። «እኔ እኮ እንዲያደንቁኝ አልፈልግም፤ እንዲተዉኝ ነው» ትለኛለች። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ማታ ስትገባ የምትተነፍሰው ሁሉ ይሰማኛል።

በዚያ ዓመት ጣቢያው ካርታ ይሠራ ነበር። ከወንዙ አፍ እስከ ማንግሮቩ ጫካ ያለውን የባሕር ወለል በትንንሽ አራት ማዕዘን ከፋፍለው፣ በየአንዳንዱ ጭቃ ውስጥ ምን ያህል ሕይወት እንዳለ በቀለም ያሰፍሩ ነበር። ሁሉም ተሞልቶ አንድ ጥግ ብቻ ባዶውን ቀረ። እሱም የሴቶች ጎድጓዳ የምንለው ነው። ውኃው ሲሸሽ ሴቶቻችን ሁለት ሁለት ሆነው፣ ካንጋ የሚሉትን መልበሻ ጨርቃቸውን ጫፍና ጫፉን ይዘው በውኃ ውስጥ እየጎተቱ፣ ደቃቁን ሽሪምፕ የሚይዙት ከጎድጓዳው ዳር ነው። የዙዌና እናት ልጆቿን ያሳደገችው ከዚያ ባወጣችው ነው። አሁንም የስንቱ ቤት ድስት የሚሸተው በዚያ ነው።

በዚያው ሰሞን አዲስ የጀልባ ማቆሚያ ሊሠራ ነበርና፣ መሐንዲሶቹ ከቦዩ የሚዝቁትን ደለል የሚደፉበት ቦታ ይፈልጉ ነበር። ስብሰባ ላይ አንደኛው ጣቱን በቀጥታ ባዶው ጥግ ላይ አሳረፈ።

«እዚህ ምንም የለም አይደል?» አለ።

ዙዌና ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ገና አላየነውም እንጂ የለም አልተባለም ልትል አፏን ስትከፍት ሻይ መጣና ሁሉም ብድግ አለ። ነገሩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። እስከዚያ ጥጉ ካልተሞላ ደለሉ እዚያ ይደፋል፤ የሴቶች ጎድጓዳም ይቀበራል።

ወደ ጎድጓዳው ጀልባ የሚገባው ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞላ ብቻ ነው፤ ያውም ኩሲ የምንለው የደቡብ ነፋስ ሳይበረታ። ከስብሰባው በፊት እንዲህ ያለ ሙሊት የቀረው አንድ ጠዋት ብቻ ነበር።

የጣቢያውን ጀልባ የሚነዱት ምዜ ኮምቦ ናቸው። ምዜ ሽማግሌ ማለት ነው፤ ጥሩ ሽማግሌም ናቸው፤ ነገር ግን የእያንዳንዱን ሰው ቤተሰብ እስከ ፍየሉ ድረስ ጠይቀው ካልጨረሱ ሞተር አያስነሡም። በዚያ ጠዋት መንገድ ላይ ያላቆሙበት ጀልባ የለም።

«ምዜ፣ ውኃው ይሸሽብናል!»

«ሰው ሰላም ሳይሉ ማለፍ የት አገር ነው ያየሽው? የዚህ ሰውዬ ልጅ ታሞ ነበር።»

«ትናንት መስጊድ ተገናኝታችሁ ድኗል ብሎዎታል! እኔ ራሴ በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ!»

«ትናንት ድኖ ነበር። ዛሬስ?»

እንዲህ እያሉ ሄዱ። ከአንዱም ትልቅ ዓሣ ገዙና የዙዌናን የበረዶ ሣጥን ከፍተው ሊያስገቡ ሲሉ ጮኸች።

«ምዜ! እሱ የጭቃ ነው!»

«እና ዓሣ ጭቃ ይጸየፋል?»

«ጭቃው ነው የሚጸየፈው!»

ዓሣውን ነጥቃ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። እስኪመለሱ ድረስ እንደ ሕፃን ታቅፈውት ነዱ።

ጎድጓዳው ላይ ሲደርሱ የብረት መንጋጋው መጀመሪያ ባዶውን ወጣ። ቀጥሎ አንድ የጎማ ጫማ ነክሶ ወጣ፤ ምዜ ኮምቦ ጫማውን አገላብጠው ሲያዩ የግራ እግር መሆኑ አናደዳቸው። ከዚያ በኋላ ነው ጥቁሩ፣ ለስላሳው፣ የሚሸተው ጭቃ የመጣው። ዙዌና በየማሰሮው ቀድታ፣ በበረዶ ከብባ፣ ሣጥኑ ላይ ራሷ ተቀመጠችበት። ጭቃው በዚያው ቀን ቀለሙን መጠጣት አለበት። ካደረ ነፍሳቱ ይሞታሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሙትና ሕያው አይለይም።

ዱቄቱ ቤቷ ነበር። የጣቢያው መጋዘን ጣሪያ የኮኮናት ቅጠሉ ሊቀየር ስለነበር፣ እንዳይርስባት ብላ ከማርማላት ጠርሙሱ ጋር አምጥታ ኩሽና መደርደሪያ ላይ፣ ከሄሉና ከእርዱ መሐል አስቀምጣዋለች። ሣጥኑን ጣቢያው አድርሳ፣ ያንን ይዛ ልትሮጥ ወደ ግቢያችን ስትገባ፣ የወንድሟ ሚስት ሚሺ ደጃፍ ካለው የድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጣለች። ሚሺ ማቡዩ ሻጭ ናት፤ የባኦባብ ፍሬ በስኳርና በቀይ ቀለም አንተክትካ ለልጆች ትሸጣለች። ዙሪያዋን ልጆች ከበዋታል። የሁሉም ምላስ ሮዝ ነው።

«ሚሺ፣ እጅሽ ምን ሆነ?»

«አያምርም ዊፊ? የዛሬው ማቡዩ ጉድ ነው! ሳይቀዘቅዝ ሊያልቅ ነው።»

ዊፊ የወንድም ሚስትና የባል እኅት የሚጠራሩበት ስም ነው። እንደ ልብ ለመሰዳደብም ፈቃድ ነው።

ዙዌና በቀጥታ ወደ ኩሽና ገባች። የማርማላት ጠርሙሱ ቦታው ላይ ነው። ታጥቧል፣ ተወልውሏል፤ ጎረቤት የወሰደውን ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ስለሆነ እስከ አፉ ማቡዩ ተሞልቶበታል።

«አጠብሽው?!» የሚለው ጩኸት እኔ ቤት ድረስ መጣ።

«ታዲያ ሳላጥብ ልመልስልሽ? አሳዳጊ የበደለኝ መሰልኩሽ?»

«ይሄ የሥራ ቀለም ነው! የጭቃ ቀለም! ይበላል ያለሽ ማነው?»

«አንቺ ያልሽው ልብስ ያበላሻል ብቻ ነው። እኔ ልብስ ላይ አላፈሰስኩትም። የገዛሁት ቀለም አልቆብኝ ድስት እሳት ላይ ነበር፤ ምን ላድርግ?»

ዙዌና ወደ ጣቢያው ኃላፊ ደወለች። ኃላፊዋ ዶክተር ኒያምቡራ የደጋ ልጅ ናት፤ ማቡዩ ምን እንደሆነ ስለማታውቅ ነገሩን ሁለት ጊዜ አስደገመቻት። ከዚያ ጤና ጣቢያ ጠይቃ መልሳ ደወለች። ልጆቹ ምንም አይሆኑም፣ ውኃ ይጠጡ፣ የተረፈው ማቡዩ ግን ይደፋ አለች። ሌላ ዱቄት ከሞምባሳ ቢላክ ነገ እንጂ ዛሬ አይደርስም።

«ይደፋ?» አለች ሚሺ። «ይሄ ሁሉ ስኳር?»

«ሚሺ፣ እናትሽ ካንጋዋን የምትጎትትበት ቦታ በቆሻሻ ደለል ሊደፈን ነው። ያንን ቦታ የሚያስጥልልን ጭቃ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ እየሞተ ነው። አንቺ ስኳር ትያለሽ።»

ሚሺ ያን ጊዜ ማማሰያዋን አስቀመጠች። ሮዝ እጇን አየት አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ «ሁሉንም እኮ አልጨረስኩትም» አለች። «ግማሹን ለቢ ሪያማ ሰጥቻታለሁ። ምንጣፍ ለምትሠራበት ዘንባባ።»

ዙዌና መሬት ላይ ቁጭ አለች። ወዲያው ደግሞ ተነሥታ ሄደች።

ቢ ሪያማ ከመስጊዱ ጀርባ የሚኖሩ ምንጣፍ ሠሪ ናቸው፤ ቢ እንደ እመት ያለ መጠሪያ ነው። ደጃቸው ላይ ድስት ተጥዷል፤ የተሰነጠቀ የዘንባባ ቅጠል በሮዝ ውኃ ይፈላል። ዙዌና ይህን እያየች ነው ሰላምታው የጀመረው። እሷ ደኅና፣ ወንድሟ ደኅና፣ ባሕሩም ደኅና። ልትናገር ስትል አንድ ሳህን ካሳቫ በኮኮናት ወጥ ፊቷ ቀረበ።

«ቢ ሪያማ፣ ለአንድ ጉዳይ ነበር...»

«ብዪ መጀመሪያ። ባዶ ሆድ ጉዳይ አይወራም።»

በላች። አፏ ሞልቶ፣ ዓይኗ ድስቱ ላይ ተተክሎ በላች።

«ይሄ ያንቺ ቀለም ግን» አሉ ቢ ሪያማ በማማሰያው እያወጡ፣ «የማይረባ ነው። ስንት አፈላሁት! አየሽው? ሮዝ ሆነ? የታመመ ዓሣ ሆነ እንጂ። ለሚሺም ንገሪያት።»

«ሁሉንም ጨመሩት?»

«ትንሽ ለጨርቅ እሞክረዋለሁ ብዬ አስቀርቻለሁ።»

ዙዌና ካሳቫውን ሳታኝክ ዋጠችው። ከዚያ ስለ ጎድጓዳው፣ ስለ ደለሉ፣ ስለ ጭቃው ተንተባትባ ነገረቻቸው። ቢ ሪያማ ማማሰያውን ጣሉት።

«እኔ ከእናትሽ ጋር ካንጋ ስጎትት ያደግሁበትን ቦታ? ይሄን ይዘሽ ነው ቁጭ ብለሽ ስትበዪ የቆየሽው? ምን ዓይነት ሆዳም ሴት ነሽ!»

በጋዜጣ የተጠቀለለችውን ቁንጥር ከጣሪያው ቅጠል መሐል አውጥተው ሰጧት። ዙዌና ተቀብላ ወጣች። መንገዱን ሙሉ ለራሷ እያወራች ነበር የሄደችው፤ ያገኟት ሰዎች ነግረውኛል።

ጣቢያው ስትደርስ ዶክተር ኒያምቡራ ጋዜጣውን ፈትታ አየችው፤ አሸተተችው።

«ሄል ሄል ይላል» አለች። «ምን እንደነካው አናውቅም፣ እማማ ዙዌና። መጀመሪያ በምናውቀው ጭቃ ካልሞከርነው ማንም አያምነንም።»

«ከዚህች ላይ ተቀንሶ ለሙከራ?»

«ከዚህች ላይ።»

ዙዌና ልትከራከር አሰበች፤ ግን ትክክል መሆኗን ታውቃለች፤ ያናደዳትም እሱ ነው። ጉልበቷ ድረስ ገብታ ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው፣ ዓመቱን ሙሉ ከሚያውቁት ጭቃ አመጣች። ከቁንጥሯ እኩሌታው በጠበጡበት። የሚቀላው ቀላ፤ የማይቀላው ነጭ ሆኖ ቀረ። ዱቄቱ ደኅና ነበር። የተረፈው ግን ለአንድ ማሰሮ ብቻ የሚበቃ ሆነ። ዙዌና የመጨረሻውን፣ ከጎድጓዳው መሐል የወጣውን መርጣ ቀለሙን አፈሰሰችበት። ሌሎቹን ማሰሮዎች እያየች ጥቂት ቆማ ወጣች።

በማግስቱ ጭቃውን አጥባ ማይክሮስኮፑ ላይ ስትቀመጥ ሚሺ ጣቢያው በር ላይ መጥታ ተቀምጣለች። ማቡዩ አልያዘችም። ምዜ ኮምቦም በመንገዳቸው ሲያልፉ ሰላምታ አሳጥረው አጠገቧ ቆሙ። ቆይቶ ዙዌና ዓይኗን እያሻሸች ወጣች።

«እ?» አለች ሚሺ።

«ሞልቷል» አለች ዙዌና። «ከነጩ ሮዙ ይበዛል። እንዲህ ያለ ሌላ ጥግ ካርታው ላይ የለም።»

ሚሺ እዚያው በሩ ላይ እልል አለች። ዙዌና፣ «ዝም በይ፣ ሰዎች ሥራ ላይ ናቸው» ብላ ገፋቻት፤ እጇን ግን ትከሻዋ ላይ እንዳደረገች ቀረች።

ስብሰባው ላይ መሐንዲሱ ከአንድ ማሰሮ ብቻ ነው ወይ የመጣው ብሎ አጉረመረመ። ዶክተር ኒያምቡራ አንድም ቢሆን ባዶ እንዳልሆነ ያሳያል፣ ሌሎቹን በሚቀጥለው ሙሊት እንጨምራለን አለችው። ባዶ ያልሆነ ቦታ ላይ ለመድፋት ፊርማውን የሚያኖር ሰው ጠፋ። ደለሉ በባሕሩ በኩል ካለው የአሸዋ ግርዶሽ ማዶ፣ ካርታው ሕይወት የለበትም ባለው ወለል ላይ እንዲደፋ ተወሰነ።

ሚሺ ያን ዕለት ማታ መደቧ ላይ ተቀምጣ ለሚያልፈው ሁሉ ስትናገር ሰማሁ። ጎድጓዳውን ያስጣልኩት እኔ ነኝ ትላለች፤ ግማሹን ዱቄት ለቢ ሪያማ ባልሰጥ ኖሮ ሁሉንም ማቡዩ አድርጌው ነበር፤ ይህ ሁሉ የደግነቴ ፍሬ ነው።

ዙዌና ከውስጥ ትሰማ ነበር። ትንፋሿ ብቻ በግድግዳው በኩል መጣ፤ ረጅም ነበር።

ዱቄቱ አሁን ጣቢያው ውስጥ በቁልፍ ነው የሚቀመጠው። ባለፈው ሳምንት ዙዌና ባልዲዋን ይዛ ስትገባ ሚሺ ከመደቡ ላይ ጠራቻት።

«ዊፊ፣ አትቆጪኝ እንጂ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«አይሆንም።»

«ገና ሳልናገር?»

«አይሆንም አልኩሽ!»

«ልጆቹ እኮ ያንን ሮዝ ነው የሚጠይቁኝ። ይሄኛውን አይወዱትም። ለቅምሻ ያህል...»

ባልዲው መሬት ላይ ሲቀመጥ ሰምቼ ብቅ ስል ዙዌና የዶሮ ላባዋን ወረወረችባት። ላባ ሩቅ አይሄድም። ሚሺ አንሥታ መለሰችላት።