የኤፍራይን ቀኝ ክንድ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በቤተ ክርስቲያናችን የምስክርነት ጊዜ አለ፤ ከመኪና አደጋ ስለመትረፌ፣ የሚስቴ የመኖሪያ ወረቀት ስለመሳካቱ ማይክ ይዤ ስንት ጊዜ አመስግኛለሁ። ይህን ግን ዘልዬዋለሁ። ለፓስተሩ ብነግረው ለሚስቱ ያወራላታል ብዬ ጠረጠርኩ። ለሚስቴ ብነግራት በተጣላን ቁጥር ታነሳብኛለች ብዬ ጠረጠርኩ። እናንተንም የመረጥኳችሁ ስለማታውቁኝ እንጂ ስለማምናችሁ አይደለም።

ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። የጥርስ ሐኪም ሦስት ጥርስህ ተበልቷል ቢለኝ ሁለቱን ለራሱ ጥቅም ነው የጨመረው እላለሁ። ጎረቤቴ ከወትሮው ሞቅ አድርጎ ሰላም ካለኝ፣ ምን ፈልጎ ይሆን እያልኩ እውላለሁ። አሜሪካ ያመጣብኝ ጠባይ አይደለም፤ ከሆሳዕና ይዤው የመጣሁት ነው። ይህን የምላችሁ ለማመካኘት አይደለም። ኤፍራይንን የጎዳሁት በዚሁ ጠባዬ ስለሆነ ነው።

ኤፍራይን ሜክሲኮዊ የቤዝቦል ተጫዋች ነው። ፒቸር ነበር፤ ኳሱን የሚወረውረው ማለት ነው፤ ስለዚህ እንጀራው ቀኝ ክንዱ ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመቱ በአገሩ ለሚገኝ ክለብ ፈረመ። በሃያ ዓመቱ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ክለብ ወሰደው፤ በታችኛው ቡድን አራት ዓመት አቆይቶ አሰናበተው። እኔ ሳውቀው ሃያ ሰባት ሞልቶት ነበር፤ እዚህ ዳላስ አካባቢ ላለች ትንሽ ክለብ ይወረውራል፤ ሐሳቡ እንደገና ወደ ላይ መውጣት ነው። ክለቡ ተጫዋቾቹን ያሳረፈው ግሬፕቫይን ከተማ እኔ በምሠራበት ሆቴል ነበርና፣ በሆቴሉ ቫን ሜዳ የማደርሳቸው እኔ ነበርኩ። ሌሎቹ ከኋላ ሆነው ስልካቸው ላይ ሲያፈጡ እሱ ጋቢና ከጎኔ ይቀመጣል። ኤፍሬም እለው ነበር፤ ወደደው።

አንድ ቀን መንገድ ላይ ምስጢሩን ነገረኝ። ለገና አገሩ ገብቶ ሳለ፣ ታላቅ ወንድሙ ለሚያሠለጥነው የሰፈር ቡድን አንድ ጨዋታ ወርውሯል። ውሉ ሌላ ቦታ መጫወትን ይከለክላል። ክንዱ ደህና ነበር፣ ምንም አልሆነም፤ ብቻ ክለቡ እንዳይሰማ አለኝ። ሰው እንዴት ለአንድ የሆቴል ሹፌር እንዲህ ያለ ነገር ይናገራል? ሊፈትነኝ ይሆን ብዬ ያን ዕለት ሁሉ አሰብኩ።

በግንቦት ክርኑን አመመው። የክለቡ ቴራፒስት አየውና ጅማቱ ሳይሰነጠቅ አይቀርም፣ ስድስት ሳምንት አርፈህ ሐኪም ይይህ አለው። ችግሩ፣ ከአንድ ትልቅ ክለብ ሰው ሊያየው የሚመጣው በአሥረኛው ቀን ነበር። ኤፍራይን ቫኑ ውስጥ ገብቶ ምን ላድርግ ሲል ጠየቀኝ።

እኔ ምን አልኩት? ሊያስቀምጡህ ፈልገው ነው አልኩት። በአንተ ቦታ የሚያስገቡት ሌላ ሰው አዘጋጅተዋል፣ ሕመሙን ያጋነኑት ለዚያ ነው አልኩት። ከየት አመጣሁት? ከየትም አላመጣሁትም። እንደ ልማዴ ጠረጠርኩ፣ ጥርጣሬዬንም እንደ እውነት አድርጌ ለሰው ሰጠሁ። ቀጥዬም አባቴ ወጌሻ ነበር አልኩት። ይህ እውነት ነው፤ አባቴ የወለቀ ትከሻ የሚመልስ፣ ሰው ከሩቅ የሚመጣለት ወጌሻ ነበር። እኔ ግን ሲሠራ ከማየት በቀር አንድም ቀን የሰው ገላ ነክቼ አላውቅም። ለኤፍራይን እጁ ወደ እኔም ወርዷል አልኩት። ለምን ዋሸሁ? ሆቴሉ ውስጥ ሻንጣ አንሳ፣ በር ክፈት ከሚሉኝ ሰዎች መሀል አንዱ በአክብሮት ስላየኝ ይሆን? እሱም ቢሆን ምክንያት አይሆነኝም።

በሠራተኞች ክፍል ማይክሮዌቭ ለጋ ቅቤ አሞቅ ነበር። ቫኑን ከሆቴሉ ጀርባ ፓርክ አድርጌ ክንዱን አሸሁ። አንድ ቀን አይደለም፤ ዘጠኝ ቀን አሸሁ። የታመመውን ቦታ በአውራ ጣቴ ስጫነው ዓይኑ እንባ ያቀርር ነበር። ሕመሙ እየወጣ ነው እለዋለሁ። ሙቀቱ ለጊዜው ያደነዝዘዋል መሰለኝ፣ ተሻለኝ ይለኛል። እኔም አመንኩት፤ በሕይወቴ ያልጠረጠርኩት ነገር ቢኖር የራሴን እጅ ብቻ ነው።

ሚስቴ አስቴር ቅቤው ማለቁን አይታ ስትጠይቀኝ ነገርኳት።

"አንተ ሰውዬ፣ ዶክተር ነህ እንዴ?" አለችኝ። "ላይሰንስ የለህ፣ ምን የለህ። ማለቴ፣ ልጁ አንድ ነገር ቢሆን ሱ ያደርጉሃል እኮ፣ ፍርድ ቤት ያቆሙሃል።"

ልጁ አንድ ነገር ቢሆን ያለችው በጆሮዬም አልገባ። ሱ ያደርጉሃል ያለችው ግን ሆዴ ገብቶ ቀረ።

በአሥረኛው ቀን አጥሩን ተደግፌ አየሁት። ሁለት ዙር እንደ ድሮው ወረወረ። በሦስተኛው ዙር አንዱን ኳስ ሲለቅ ክንዱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ቀረ። ተንበረከከና በግራ እጁ ክርኑን ያዘ። እኔ ምን አደረግኩ? ወደ ቫኑ ሄጄ የቀረውን ቅቤ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩ።

በማግሥቱ የክለቡ ኃላፊ ብቻውን ቫኑ ውስጥ ገባ። ቴራፒስቱ በልጁ ክንድ ላይ የሆነ ቅባት ሸቶታል፣ ልጁ ራሴ ነኝ የተቀባሁት ብሏል፣ አንተ በየቀኑ ስለምትወስደው ያየኸው ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ልብ በሉ፣ ማንም በእኔ ላይ ጣቱን አልቀሰረም። እኔ ግን ኤፍራይን ነግሮብኛል፣ ይሄ ሰውዬ እያወጣጣኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ሱ ሲያደርጉኝ፣ ሥራዬን ሳጣ፣ አስቴር እኔ ነግሬህ ነበር ስትለኝ ታየኝ።

"ስለ ቅባት የማውቀው የለም" አልኩት። "ለገና አገሩ ሄዶ እንደወረወረ ግን ነግሮኛል። ምናልባት ክንዱ ያን ጊዜ ተጎድቶ ይሆናል።"

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። ክንዱን ያበላሸሁት እኔ ሆኜ ሳለ፣ ያመነኝን ምስጢር አውጥቼ ራሴን ሸፈንኩበት። ክለቡ ኤፍራይንን ጠራው፤ አልዋሸም፣ አዎ ወርውሬያለሁ አለ። ውሉን አፍርሰሃል፣ ጉዳቱም የእኛ አይደለም ብለው ያለ ሕክምና አሰናበቱት። ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ሎቢው ውስጥ እንዳያገኘኝ በጓሮ በር ወጣሁ። ስልክ ቁጥሬንም ቀየርኩ።

ስድስት ዓመት አለፈ። አሁን የምኖረው ጋርላንድ ነው፣ በራሴ መኪና ሰው አመላልሳለሁ። ባለፈው ሚያዝያ ኧርቪንግ ውስጥ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ የዕቃ ማከማቻ ዌርሃውስ የጉዞ ጥሪ መጣልኝ፤ ስልኬ ላይ ያለው ስም ኤፍራይን ይላል። የእኔም ስም ለእሱ ይታየዋል። አውቆ ነው የጠራኝ ብዬ ጠረጠርኩ፤ ሆኖም ሄድኩ። ከኋላ አልገባም፤ እንደ ድሮው ጋቢና ገባና ግራ እጁን በደረቱ ላይ አሻግሮ በሩን ዘጋው። ከዚያ በዚያው እጁ አቀፈኝ።

መጀመሪያ የጠየቀኝ በእኔ ምክንያት ከሥራ አባረሩህ ወይ ብሎ ነው። ወረቀትህን እንዳያበላሹብህ ብዬ ስምህን አላነሳሁም አለኝ። አገሩ ገብቶ ክንዱን በሕክምና ለማዳን ሞክሮ ነበር፤ ሰዓቱ አልፎ ነበርና ዳግመኛ አልወረወረም። አሁን እዚህ ተመልሶ በዚያ ዌርሃውስ ይሠራል፤ ሳጥን የሚያነሳው በግራ እጁ ነው። ወንድምህስ ደህና ነው አልኩት፣ ወሬ ለማስቀየር።

"ከእሱ ጋር አንነጋገርም" አለኝ። "ስለ ገናው ጨዋታ ለክለቡ የነገረው እሱ ነው። አብረን ጎማ ቤት እንድንከፍት ይፈልግ ስለነበር፣ ቤዝቦሉን እንድተው ብሎ ነው። ውሌ እንደሚከለክለኝ የምታውቁት ሁለታችሁ ብቻ ነበራችሁ። አንተን ደግሞ አልጠረጥርም።"

ቤቱ እስኪደርስ ሃያ ደቂቃ መንገድ ነበረን። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አፌን አልከፈትኩም። ሲወርድ ስልክ ቁጥሩን በወረቀት ጻፈልኝ፣ ሰላም በለኝ አለ።

ክንዱን የወሰድኩበት ባለማወቅ ነው ልል እችላለሁ። ወንድሙን የወሰድኩበት ግን እያወቅኩ ነው፤ ያን ቀንም ዝም ስል እያወቅኩ ነው፤ ዛሬም እያወቅኩ ነው። ይቅርታ ከእናንተ አልጠይቅም፤ እናንተ ብትሰጡኝ ተመችቶኝ እቀመጣለሁ። ወንድምህ አይደለም፣ እኔ ነኝ የሚለውን በራሱ ቋንቋ እንዲሰማው ብዬ በስፓኒሽ አጥንቼዋለሁ፤ መኪና ውስጥ ብቻዬን ስሆን ጮክ ብዬ እለዋለሁ። ቁጥሩ ኪሴ ውስጥ ነው። እስካሁን አልደወልኩም።